ጥያቄ የምታበዛው ሐዋላ ቤት

ቨርጂኒያ፣ ስካይላይን አካባቢ፣ አንድ የሐበሻ ግሮሰሪ ውስጥ ጥግ ይዛ ያለች ሐዋላ ቤት ናት። በርበሬና ሽሮ የተደረደረበትን አልፋችሁ፣ የእንጀራውን ጠረጴዛ በግራ ትታችሁ ስትገቡ አንድ መስኮት አለ። ከመስታወቱ ጀርባ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ስሟንም የሱቁንም ስም አልጽፍም። «ስለ ሥራው ጻፊ፣ ስለ እኔ ግን ተይው» ብላኛለች። ሰፈሩን የምታውቁ ታገኟታላችሁ።

ሰው ስለዚች ሱቅ ሲያወራ የምሰማው አንድ ነገር ነው። ጥያቄ ታበዛለች። እውነት ነው፣ ታበዛለች። ለማን ነው የምትልኪው? ምንሽ ናት? ለምን ጉዳይ? ሥራሽ ምንድነው? አንዳንዱ ተናዶ ጥሎ ይወጣል። እኔም የመጀመሪያ ቀን ደሜ ፈልቶ ነበር። ዛሬ ግን ከአምስት አምስት ኮከብ የምሰጣት በዚያው በጥያቄዋ ነው። ምክንያቱን ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

እኔ ሲኤንኤ ነኝ፣ የነርስ ረዳት። ነርሲንግ ሆም ውስጥ የማታ ሺፍት እሠራለሁ። እናቴ ደሴ ናት። በየወሩ 300ም 400ም ዶላር እልክላታለሁ። በፊት የምልከው በአንድ ሰውዬ በኩል ነበር። ሱቅ የለውም። ያለው ስልክ ብቻ ነው። ዶላሩን በዜል፣ ከባንክ ባንክ በስልክ በሚላክበት፣ አስገባለታለሁ፣ ወይም ፓርኪንግ ውስጥ ካሽ እሰጠዋለሁ። በማግስቱ እማዬ አካውንት ውስጥ ብር ይገባል። የባንኩን ደረሰኝ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልኛል። ያኔ ባንክ ለአንድ ዶላር 55 ብር ገደማ ሲከፍል እሱ ከ100 በላይ ይሰጥ ነበር። ማን እምቢ ይላል? የማውቀው ሰው ሁሉ የሚልከው እንዲያ ነበር።

አንድ ነገር ግን ዓይኔ እያየ አልፌዋለሁ። ደረሰኙ ላይ ያለው የአስገቢው ስም በየወሩ ይለያያል። አንድ ወር ወንድ፣ አንድ ወር ሴት። አንድ ጊዜ 42 ሺህ ብር በአንድ ቀን በሦስት ሰው ስም ተከፋፍሎ ገባ። ሦስቱም ያስገቡት ከተለያየ ከተማ ነው። ሰውዬውን ጠየቅኩት። «ወኪሎቼ ናቸው» አለኝ። እኔም ዝም አልኩ።

ከዚያ በ2016 መጀመሪያ፣ አንድ ሰኞ ቀን፣ ታናሽ ወንድሜ ደወለ። የእማዬ አካውንት ታግዷል። ብር ካስገቡላት ሰዎች አንዱ ምርመራ ላይ ነበር። እሱ ገንዘብ ያስገባላቸው ሰዎች ሁሉ አካውንት አብሮ ተዘጋ። እማዬ ተጠርታ ሄደች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ የቀበሌ መታወቂያዋን በላስቲክ ጠቅልላ።

«ይህን ሰው ያውቁታል?» አሏት።

«የት አውቀዋለሁ ልጄ።»

«ታዲያ የማያውቁት ሰው ለምን 18 ሺህ ብር ሰጠዎት?»

«ልጄ ናት የላከችው» አለች።

«ልጅዎ አሜሪካ ናት። ይሄ ሰው ብሩን ያስገባው አዳማ ነው።»

እማዬ መልስ አልነበራትም። እኔስ ብሆን ምን እል ነበር? በዕድሜዋ ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ቆማ የማታውቅ ሴት ናት። አካውንቱ እስኪከፈት ሰባት ሳምንት ፈጀ። የደም ግፊት መድኃኒቷን ጎረቤት ናት የገዛችላት። ሰውዬው ጋ ስደውል መጀመሪያ «ታገሺ» አለኝ። ኋላ ስልክ ማንሳቱን ተወው።

ወደዚች ሱቅ የመጣሁት ከዚህ በኋላ ነው። ለዚያም ተናድጄ፣ ሰው ሁሉ ጠልቼ። ጥያቄዋን ስትጀምር «የገዛ ገንዘቤን ለገዛ እናቴ ለመላክ ይሄ ሁሉ ምርመራ ለምንድነው?» አልኳት። እሷ አልተቆጣችም። ከኋላዬ ሰው ስላልነበረ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ጨርሼ ዝም ስል አንድ ያገለገለ ደረሰኝ ገለበጠችና በእስክሪፕቶ ሁለት ክብ ሣለች። አንዱ ውስጥ «አሜሪካ»፣ አንዱ ውስጥ «ኢትዮጵያ» ብላ ጻፈች።

«ዶላርሽ ኢትዮጵያ ሄዶ አያውቅም» አለችኝ።

ያን ወረቀት እስከ ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤዋለሁ። እንዲህ ነው ያስረዳችኝ። እኔ እዚህ የሰጠሁት ዶላር እዚሁ ይቀራል፣ ወይም ዱባይ ያለ አካውንት ውስጥ ይገባል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ብሩን ወደ ዶላር ቀይሮ ውጭ ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው አለ። ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ሊሆን ይችላል። ጉቦ የበላ ሰውም ሊሆን ይችላል። ኮንትሮባንድ የሚያመላልስ፣ ሰው የሚያሸጋግር፣ በማጭበርበር ብር የሰበሰበም አለበት። እንዲህ ያለው ሰው ብሩን ይዞ ባንክ ሄዶ ዶላር ልግዛ ቢል ከየት አመጣኸው ይባላል። ስለዚህ ብሩን ለደላላው ይሰጣል። ደላላው ብሩን ለእማዬና ለእማዬ መሰሎች በትንሽ በትንሹ ያከፋፍለዋል። የእኔ ዶላር ደግሞ ለዚያ ሰው ይደርሳል። የእኔ የማታ ሺፍት ላብ የሱ ንጹሕ ዶላር ሆነ። የሱ ብር የእማዬ ቀለብ ሆነ።

«ያ ሁሉ ተጨማሪ ምንዛሪ በነጻ የመጣ መሰለሽ?» አለችኝ። «ያ ብር የሰጠው ሰው ብሩን ለማሳጠቢያ የሚከፍለው ነው።»

ቆሜ ቀረሁ። ስንት ዓመት «ጥሩ ይሰጣል» እያልኩ ለሰው ስጠቁመው የነበርኩት እኔ ነኝ። በርግጥ እንዲያ የሚላክ ብር ሁሉ የወንጀል ነው ማለት አይደለም። ብዙው የተራ ነጋዴ ነው። ችግሩ ግን መለየት አትችሉም። እማዬ መለየት አትችልም። መርማሪውም እስኪለይ ድረስ የሚዘጋው የእሷን አካውንት ነው።

በኋላ በራሴ ጊዜ ማንበብ ጀመርኩ። ይህን ሥራ በተለምዶ ገንዘብ ማጠብ እንላለን። በ2017 በሌላ አዋጅ የተተካው የአገራችን አዋጅ ቁጥር 780/2005 ግን በወንጀል ድርጊት የተገኘን ገንዘብ «ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብ» ነበር የሚለው። የሕጉን አጠራር እኔ እመርጠዋለሁ። የታጠበ ነገር ይጠራል። አስመስሎ የቀረበ ነገር ግን ያው የነበረው ነው፣ መልኩ ነው የተለወጠው።

ሥራው ብዙውን ጊዜ በሦስት እርከን ይሄዳል። መጀመሪያ ጥሬ ገንዘቡን ወደ ባንክ ወይም ወደ ንግድ ማስገባት አለ። ለሌባ ትልቁ ጭንቅ እዚህ ጋ ነው፤ ጆንያ ሙሉ ካሽ ይዞ የትም መሄድ አይችልም። ቀጥሎ ከአካውንት አካውንት፣ ከሰው ሰው፣ ከአገር አገር እያዘዋወረ ዱካውን ያጠፋል። መጨረሻ ላይ ቤት ይገዛበታል፣ መኪና ይገዛበታል፣ ሱቅ ይከፍትበታል። ከዚያ በኋላ ሲያዩት የደህና ሰው ሀብት ይመስላል። እማዬ ያለችው መሀሉ ላይ ነበር። ዱካ ማጥፊያ ሆና።

አሁን ወደ ሱቋ ልመለስ። ምን እንደምትሠራ ላሳያችሁ።

ባለፈው ዓመት የእማዬ ቤት ቆርቆሮ አርጅቶ ማፍሰስ ጀመረ። 3,400 ዶላር በአንዴ ልልክ ሄድኩ። እሷ ከ3,000 ጀምሮ ሕጉ ተጨማሪ መረጃ እንድትመዘግብ ያስገድዳታል። መታወቂያ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ አድራሻ። ሥራዬን ጠየቀችኝ፣ ፔይ ስታብም፣ የደመወዝ ደረሰኝ ማለት ነው፣ ካለሽ አሳዪኝ አለችኝ። እኔ ከሥራ ነው የመጣሁት፣ እንቅልፌ መጥቷል። «እንግዲያው ዛሬ 1,700፣ ነገ 1,700 ልላከው?» አልኳት። በየዋህነት ነው።

እስክሪፕቶዋን አስቀመጠች። «እህቴ፣ ይሄን ለኔም ለማንም ደግመሽ እንዳትይ» አለችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው ያለችው፣ ሰው እንዳይሰማ።

ያኔ ነው የገባኝ። እዚህ አገር በአንድ ቀን ከ10,000 ዶላር በላይ ካሽ ካንቀሳቀሳችሁ ባንኩም ሐዋላውም ሪፖርት ይሞላል። ሪፖርቱ ክስ አይደለም። ገንዘባችሁ ንጹሕ ከሆነ ምንም አትሆኑም። ሪፖርቱን ለመሸሽ ብላችሁ 9,000 ዛሬ፣ 4,000 ነገ ብላችሁ ከከፋፈላችሁ ግን መከፋፈሉ ራሱ ወንጀል ነው። ገንዘቡ የላባችሁ ቢሆን እንኳ። ከ3,000ው ለማምለጥ መቆራረጥም ወዲያው ዓይን ውስጥ ያስገባል። ስንት ሐበሻ ነው ይህን ሳያውቅ፣ «ለምን ስሜ ይያዛል» ብሎ ብቻ፣ የዕቁብ ብሩን በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ባንክ የሚያስገባው? አደራ፣ ዕቁብ የወጣላችሁ እንደሆነ ሙሉውን አስገቡ። ሲጠይቋችሁ ዕቁብ ነው በሏቸው።

ፔይ ስታቡን ከስልኬ አሳየኋት። 3,400ው በአንድ ደረሰኝ ሄደ።

ወረፋ ላይ ስቆም ብዙ ነገር አያለሁ። አንድ ቅዳሜ ሦስት ልጆች አብረው ገቡ። አብረው እንዳልመጡ ሆነው ተራ በተራ መስኮቱ ጋ ቀረቡ። ሦስቱም 900፣ 900 ዶላር። የመጀመሪያው የተቀባዩን ስም ከስልኩ እያነበበ ነው የተናገረው፣ ያውም እየተንተባተበ። «ምንህ ነው?» አለችው። «አጎቴ።» ሁለተኛውም መጣ። ያው ስም። «ምንህ ነው?» «ጓደኛዬ።» ሦስተኛው ሳይጠየቅ ወጣ። ስለ ምንዛሪም ስለ ክፍያም ከሦስቱ አንዳቸውም አልጠየቁም። እኛ እኮ አምስት ሳንቲም ስትቀንስ የምንጨቃጨቅ ሰዎች ነን! የሰው ገንዘብ የያዘ ሰው ግን ስለ ዋጋ ግድ የለውም። አልላከችላቸውም። ሪፖርት ታድርግባቸው አታድርግባቸው አላውቅም። ብጠይቃትም አትነግረኝም፣ ሕጉ ለማንም እንድትናገር አይፈቅድላትም።

ሌላኛው ልቤን የነካው ነው። በዲቪ ከመጣ ስምንት ወር ያልሞላው ልጅ። ቴሌግራም ላይ ሥራ አግኝቷል። «የክፍያ አስተባባሪ» ይሉታል። ሥራው አካውንቱ ውስጥ የሚገባለትን ገንዘብ አውጥቶ፣ አሥር በመቶውን ለራሱ ይዞ፣ የቀረውን ወደ ተነገረው ሰው መላክ ነው። 2,600 ዶላር ካሽ ይዞ መጥቷል። ደስ ብሎታል። ለእናቱ የመጀመሪያውን ደመወዝ ሊልክ እንደሆነም ነገራት።

መስኮቱን ዘግታ ወጣች። ውጭ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። «ወንድሜ፣ አሠሪህን በአካል አይተኸዋል?» አላየውም። «ቢሮው የት ነው?» አያውቅም። «ለምን ራሱ አይልከውም? ለምን ላንተ አሥር በመቶ ይከፍላል?» ልጁ ዝም አለ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። አካውንቱ ውስጥ የገባው ገንዘብ ምናልባት የአንዲት አሮጊት ጡረታ ነው፣ ተታላ የላከችው። አሮጊቷ ለባንኳ አቤት ስትል የሚገኘው የሱ ስም ነው። እዚያው ተቀምጦ ወደ ባንኩ እንዲደውል አደረገችው። የምታገኘው ኮሚሽን ቀረባት። እኔ ሥራ የምለው ይሄን ነው።

ለገና አመስጋኝነቴን ልግለጽ ብዬ የ50 ዶላር የስጦታ ካርድ ገዛሁላት። እጇን ሰበሰበች። «አልቀበልም፣ አትከፊብኝ» አለች። ከፋኝ። ኋላ ግን የቲዲ ባንክን ጉዳይ ሳነብ ገባኝ። በፈረንጆች ኦክቶበር 2024 ላይ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሊቀጣ የተስማማው ባንክ ነው። እኛ ጋ ቨርጂኒያም ቅርንጫፍ አለው። አንድ ሰው በቅርንጫፎቹ በኩል ከ470 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሳልፏል። ለሠራተኞቹ የሰጠው ምን መሰላችሁ? የስጦታ ካርድ። ጠቅላላው ከ57 ሺህ ዶላር በላይ የሚሆን። ያን ትልቅ ባንክ የጣለው ነገር እዚህች ጠባብ መስኮት ውስጥ እንዳይገባ ነው እጇን የሰበሰበችው። ለፋሲካ ድፎ ዳቦ ጋግሬ ወሰድኩ። እሱን ተቀብላ ቆርሳ ለወረፋው ሰው ሁሉ አደለችው።

ቅሬታም አለኝ። ፓርኪንጉ መከራ ነው፣ በተለይ ቅዳሜ ከሰዓት። ወረፋው ይረዝማል፣ ምክንያቱም መስኮቱ አንድ ነው፣ ጥያቄውም ጊዜ ይወስዳል። በበጋ ይሞቃል። የስልክ አፖቹ አንዳንዴ ከሷ ትንሽ የተሻለ ምንዛሪ ይሰጣሉ። እሁድ ዝግ ናት፣ ለኛ ለማታ ሠራተኞች ደግሞ እሁድ ነው የሚመቸው። ሁለት ጊዜ ተመልሼአለሁ።

ዋጋውንም ልደብቃችሁ አልፈልግም። ወደዚህ በመጣሁባቸው የመጀመሪያ ወራት እማዬ የሚደርሳት ብር በግማሽ ገደማ ቀንሶ ነበር። ያንን ለመሙላት ተጨማሪ ሺፍት ያዝኩ። ወገቤ ያውቀዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ነው የባንኩ ዋጋ ሽቅብ የወጣው፣ ልዩነቱም የጠበበው። ጨርሶ አልጠፋም። ዛሬም ቴሌግራም ላይ «ከባንክ በላይ» የሚል ማስታወቂያ ይደርሰኛል። ሳላየው አጠፋዋለሁ።

እናንተ ሰፈር ያለው ሐዋላ ቤት ደህና መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ ግድግዳውን እዩ። ፈቃድ ተሰቅሎ እንደሆነ፣ የማን ወኪል እንደሆነም ተጽፎ እንደሆነ ተመልከቱ። ኩባንያው ፊንሴን የሚባለው የግምጃ ቤቱ መሥሪያ ቤት ዘንድ መመዝገብ አለበት፣ ዌብሳይቱ ላይ ስሙን መፈለግ ትችላላችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ፈቃዱን የሚሰጠው ስቴቱ ነው። ያለ ፈቃድ ገንዘብ ማስተላለፍ እስከ አምስት ዓመት ያሳስራል፤ ባለ ስልኩ ሰውዬ የሚሠራው ያንን ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ክፍያውን፣ ምንዛሪውንና ተቀባዩ እጅ የሚገባውን ብር የያዘ ወረቀት ሊሰጧችሁ ይገባል፤ ገንዘቡ የሚደርስበት ቀን ደግሞ ደረሰኙ ላይ ይጻፋል። ከፍላችሁም ገንዘቡ ተቀባዩ ጋ ካልደረሰ በ30 ደቂቃ ውስጥ መሰረዝ ትችላላችሁ። እኔ አንድ ጊዜ የአካውንቱን ቁጥር ተሳስቼ ሰርዤ አውቃለሁ፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ስትሄዱ መታወቂያችሁን ያዙ፣ ጊዜው እንዳያልፍበት። የተቀባዩን ስም ባንክ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ጻፉ። ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት ወረፋ የለም። በርበሬውም እዚያው አለ፣ ጥሩ ነው።

ባለፈው ወር እማዬ ወንድሜን ይዛ ባንክ ሄዳ የአካውንቷን ዝርዝር አስወጣች። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ወንድሜ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ከላይ እስከ ታች፣ በየወሩ፣ የላኪው ስም አንድ ነው። የእኔ። እማዬ ጽሑፉን ማንበብ አትችልም፤ ስሜን ግን በጣቷ እየነካች «ይሄ? ይሄስ?» እያለች እስከ መጨረሻው አስቆጠረችው አለኝ።